የፕላስቲክ ጠርሙስን ደግሞ መጠቀም፦ የቱ ይሆናል፣ የቱ አይሆንም?

ስለ ውሃ ፕላስቲክ ሁለት ተቃራኒ ምክሮች ይዘዋወራሉ። አንዱ «ባዶውን አይጣሉት፤ ውሃ ይሙሉበት፣ ችግኝ ይትከሉበት፣ ጌጥ ይሥሩበት» ይላል። ሌላው ደግሞ «አንዴ የተጠጣበትን ደግሞ መጠቀም መርዝ መጠጣት ነው» ብሎ ያስፈራራል። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። የሚጎድላቸው ጠርሙሱ ለየትኛው ሥራ፣ በምን ያህል ሙቀት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግል መናገር ነው። መልሱ ያለውም እዚያ ላይ ነው።

ጠርሙሱ ከምንድን ነው የተሠራው?

የውሃና የለስላሳ መጠጥ ጠርሙሶች በአብዛኛው የሚሠሩት ፖሊኢትሊን ቴሬፍታሌት ከሚባል ፕላስቲክ ነው። በአጭሩ «ፔት» ይባላል። የጋዝ ግፊት የሚችል የፔት ጠርሙስ የፈጠራ መብት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ ፈጣሪው የዱፖንት ኩባንያ መሐንዲስ ናትናኤል ዋይዝ ነበር።

ጠርሙሱን ገልብጠው ሥሩን ቢያዩ በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ቁጥር ያገኛሉ። 1 ከሆነ ፔት ነው። 2 ቁጥር የወተትና የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ የሚሠራበት፣ ውስጡን ጥርት አድርጎ የማያሳይ ፕላስቲክ ነው። 5 ቁጥር ፖሊፕሮፕሊን ይባላል። 7 ደግሞ «ሌሎች» ማለት ነው። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ቆሻሻ የሚለዩ ሰዎች የፕላስቲኩን ዓይነት እንዲያውቁበት ነው። 1 ቁጥር «አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሙ» ማለት ነው የሚባለው ስህተት ነው፤ ቁጥሩ ስለ ደኅንነትም ሆነ ስንት ጊዜ መጠቀም እንደሚቻል ምንም አይናገርም።

አሠራሩን ማወቅ ብዙ ነገር ያስረዳል። ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ የሚመረተው ግድግዳው ወፍራም፣ የአንገቱ ጥርስ ቀድሞ የወጣለት አጭር ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል፤ በዘንግ ወደ ታች ይሳባል፤ ከዚያ በአየር ተነፍቶ የጠርሙሱን ቅርጽ እንደያዘ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እጃችን ላይ ያለው ጠርሙስ ተወጥሮ እንደታሰረ ላስቲክ ነው፤ ያሰረው ቅዝቃዜው ነው። ሙቀቱ 70 ወይም 80 ዲግሪ ሲደርስ እስሩ ይላላና ግድግዳው ይኮማተራል። የፈላ ውሃ የተጨመረበት ጠርሙስ የሚጨማደደው በዚህ ምክንያት ነው። አንገቱ ግን ስላልተሳበ እንደ ወፈረ ይቀራል፤ ሌላው አካሉ ሲጣመም እንኳ ክዳኑ የሚገጥመው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለጤና አደገኛ ነው?

በብዛት የሚነሳው ቢስፌኖል ኤ የተባለው ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል ፔት ለመሥራት አያስፈልግም። የሚገኘው ፖሊካርቦኔት በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ አንዳንድ ተመላልሰው የሚሞሉ ትልልቅ የውሃ ጀሪካኖች ከዚህ ይሠራሉ፣ ቁጥራቸውም 7 ነው። ፕላስቲክ ለማለስለስ የሚጨመሩት ፍታሌቶችም ፔት ውስጥ አይገቡም።

ፔት ውስጥ በእርግጥ ያለው አንቲሞኒ የተባለ ብረት መሰል ንጥረ ነገር ነው። በምርት ጊዜ ሂደቱን ለማፋጠን ይገባል፣ ጥቂቱም በፕላስቲኩ ውስጥ ይቀራል። ወደ ውሃው የሚወጣው እጅግ በዝግታ ሲሆን ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። መለኪያ ያደረጉት በአሜሪካ ለመጠጥ ውሃ የተቀመጠውን ጣሪያ፣ በሊትር 6 ማይክሮግራም ነው። በ60 ዲግሪ ሙቀት የቆየ ውሃ እዚህ መጠን ላይ ለመድረስ 176 ቀን ያስፈልገዋል። በ70 ዲግሪ 12 ቀን፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 2 ቀን ከጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚፈቅደው መጠን ከዚህ ከፍ ያለ፣ በሊትር 20 ማይክሮግራም ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ኑሮ ስንመልሳቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በቤት ውስጥ ሙቀት ውሃ መያዝ አያሰጋም። ከሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ የተረሳ ጠርሙስም ጣዕሙ ይቀየር ይሆናል እንጂ አይመርዝም። በሞቃት መጋዘን ወይም በመኪና ኮፈን ለወራት ማከማቸት ግን ጥሩ አይደለም። የፈላ ሻይ፣ ትኩስ ሾርባ፣ ከእሳት የወረደ ዘይት ፈጽሞ አይጨመርበትም። ማቀዝቀዝ መርዝ ያወጣል የሚባለው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቅዝቃዜ ይህን ፍልሰት ያዘገየዋል።

በየቀኑ የሚያጋጥመው ችግር ከፕላስቲኩ ሳይሆን ከአፋችንና ከእጃችን የሚመጣ ነው። በአፍ የተጠጣበት ጠርሙስ ውስጥ ባክቴሪያ ይገባል፤ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይራባል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ የውስጡ ግድግዳና የአንገቱ ጥርስ በሚያሟልጭ ስስ ሽፋን ይያዛል። ጣት አስገብተው ሲዳስሱት የሚያንሸራትት ከሆነ ሽፋኑ ተፈጥሯል ማለት ነው፤ በውሃ ማለቅለቅ ብቻ አያነሣውም። ሌላው መታየት ያለበት ክዳኑ ነው። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጥርስ ከጥርስ ይፋተግና ደቃቅ የፕላስቲክ ብናኝ ይወጣል። ለአንድ ሁለት ሳምንት የሚጠጡበት ከሆነ ግድ የለም፤ ለዓመት የሚይዙት የመጠጫ ዕቃ ከፈለጉ ግን አፈ ሰፊ የብረት ወይም የመስታወት ኮዳ ይግዙ።

ለመጠጥ የሚሆነው እንዴት ይታጠባል?

እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውሃ እስከ ግማሽ ይሙሉት፤ ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ክዳኑን ገጥመው 30 ሰከንድ ያህል በኃይል ያናውጡት። ብሩሽ የማይደርስበትን ውስጡን ለመፈተግ አንድ ሾርባ ማንኪያ ጥሬ ሩዝ መጨመር ይረዳል። አሸዋ ግን አይሁን፤ ይቧጭረዋል፣ ጭረቱም ባክቴሪያ የሚደበቅበት ቦታ ይሆናል። የአንገቱን ጥርስና የክዳኑን ውስጥ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ።

ውሃ ሊያከማቹበት ከሆነ በበረኪና ማጽዳት ይጨመራል። ሽቶና ቀለም ያልተጨመረበት፣ ጥንካሬው ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ በረኪና 5 ሚሊ ሊትር (አንድ የሻይ ማንኪያ) በ1 ሊትር ውሃ ያቅጥኑ። ጠርሙሱ ውስጥ ጨምረው ግድግዳው በሙሉ እንዲርስ እያዟዟሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ያቆዩትና ይድፉት። በንጹህ ውሃ አለቅልቀው፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ደፍተው ያድርቁት። በረኪና ከአቼቶ ጋር አይቀላቀልም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጭማቂና ወተት የነበረበት ዕቃ ለውሃ ማከማቻ አይመረጥም፤ የስኳሩና የወተቱ ትራፊ ሙሉ በሙሉ አይለቅምና ባክቴሪያ ያረባል። ታጥቦም ሽታው ያልለቀቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ውስጡ የደበዘዘ ጠርሙስ ከመጠጥ ሥራ ይሰናበት።

«ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት» እየተባለ፣ በፀሐይ ውሃ ማከም እንዴት ይሆናል?

ብዙዎችን የሚያደናግር ጥያቄ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቤሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ አፍቲም አክራ የተባሉ ተመራማሪ የፀሐይ ብርሃን የተበከለ ውሃን እንደሚያክም አሳዩ። ከ1991 ጀምሮም ኢዋግ የተባለው የስዊዘርላንድ የውሃ ምርምር ተቋም ዘዴውን በፔት ጠርሙስ አዳበረው። ባክቴሪያውን በዋነኝነት የሚገድለው አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለው ጨረር ሲሆን፣ ፔት ይህን ጨረር ያሳልፋል።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ሕጉ ጥብቅ ነው። ጠርሙሱ ቀለም የሌለው፣ ከ2 ሊትር ያልበለጠ፣ ጭረት ያልበዛበት ይሁን፤ ወረቀቱ ይላጥ። ውሃ ከተሞላ በኋላ ጋዜጣ ላይ አቁመው በአፉ ወደ ታች ይመልከቱ። በሥሩ በኩል የርእሱ ፊደል ካልተነበበ ውሃው ደፍርሷልና መጀመሪያ ይጥለል ወይም ይረጋ። ከዚያ ጠርሙሱን ጥላ በማያርፍበት ቦታ አጋድመው በጠራ ፀሐይ 6 ሰዓት፣ ሰማዩ ከግማሽ በላይ ደመና ከሆነ ሁለት ሙሉ ቀን ያቆዩት። ዝናብ በዋለበት ቀን አይሠራም። ዘዴው ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ ፍሎራይድ ወይም ፀረ ተባይ አያወጣም።

ከአንቲሞኒው ነገር ጋር አይጋጭም ወይ? አይጋጭም። ፀሐይ ላይ የተኛ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ውሃ በአብዛኛው ከ60 ዲግሪ በታች ይሆናል፤ የሚቆየውም ለሰዓታት ነው። ከላይ እንዳየነው ችግር ለመፍጠር በዚያ ሙቀት ወራት ያስፈልጋል።

ከመጠጥ ውጭ የሚያዋጣው ሥራ የቱ ነው?

በእኛ ግምት ከሁሉ የሚያዋጣው እህልና ዘር ማስቀመጥ ነው፤ ያለ ምንም ፀረ ተባይ ነቀዝ ይከላከላልና። ነቀዝ ለመኖር አየር ይፈልጋል። አየር በማያስገባ ዕቃ እስከ አፍ በተሞላ እህል ውስጥ ሲዘጋበት ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን ይጨርስና ይሞታል። ለዚህ ግድግዳው ወፈር ያለው የለስላሳ ጠርሙስ፣ 1 ሊትር ተኩል ወይም 2 ሊትር የሚይዘው ይመረጣል።

ሁሉን የሚያበላሸው እርጥበት ነው። ያልደረቀ ባቄላ ወይም በቆሎ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ነቀዝ ባይበላው ሻጋታ ይበላዋል። መድረቁን በጨው መፈተን ይቻላል። ጨው በምጣድ ወይም በፀሐይ በደንብ ያድርቁ። ክዳን ያለው ደረቅ የመስታወት ብልቃጥ ሲሦውን በእህሉ ሞልተው ሁለት ሦስት ሾርባ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ፤ አንድ ደቂቃ ያናውጡና 15 ደቂቃ ይተዉት። ጨው ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ጨዉ ከላዩ ረግፎ ከወረደ ለመታሸግ ደርሷል።

ሲሞሉ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ እያደረጉ እህሉ እንዲጠቀጠቅ ያድርጉ፤ እስከ አንገቱ ይድረስ። ግማሽ ጎደሎ ጠርሙስ ውስጥ ለነቀዝ የሚበቃ አየር ይቀራል። ክዳኑን አጥብቀው፣ ቀኑን ጽፈው ቀዝቀዝ ባለና በጨለመ ቦታ ያስቀምጡ፤ ቢያንስ አንድ ወር አይክፈቱት። በከፈቱት ቁጥር አዲስ አየር ስለሚገባ ለየቀኑ ፍጆታ የሚሆነውን በሌላ ዕቃ ይለዩ። አይጥ ፕላስቲክ እንደሚበሳም አይዘንጉ።

ሁለተኛው ሥራ ራሱን የሚያጠጣ የአትክልት መትከያ ነው። 1 ሊትር ተኩል የሚይዝ ጠርሙስ ከአንገቱ በኩል 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርደው ይቁረጡ፤ በካተር ቀዳዳ ከፍተው በመቀስ መቀጠል እጅ ከመቆረጥ ያድናል። የተቆረጠውን ስለታም ጠርዝ ለማለዘብ ካውያ በመካከለኛ ሙቀት አድርገው፣ በመሐል የመጋገሪያ ወረቀት ይዘው ጠርዙን ለጥቂት ሰከንድ ያስነኩት። ያ የተወጠረ ግድግዳ ሙቀት ሲያገኝ ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ለስላሳ ከንፈር ይሠራል። ካውያው ላይ ከቆየ ግን ይቀልጣል።

የክዳኑን መሐል በጋለ ምስማር ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይብሱ፤ ጭሱን እንዳይስቡ መስኮት ክፍት ይሁን። 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የናይለን ገመድ ወይም የአሮጌ ቲሸርት ቅዳጅ በቀዳዳው አሳልፈው ቋጥሩት፤ ግማሹ አፈር ውስጥ ይቀበር፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ይንጠልጠል። ጥጥ ውሃ በደንብ ይስባል፣ ግን በወራት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ናይለን ይቆያል። የላይኛውን ክፍል ገልብጠው አንገቱ ወደ ታች ሆኖ ታችኛው ውስጥ ያስቀምጡት። ኮምፖስትና ጥቂት አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ይሙሉ፤ ጭቃ የበዛበት አፈር ክሩን አፍኖ ይይዛል። መጀመሪያ ከላይ በደንብ ያጠጡ፤ ደረቅ ክርና ደረቅ አፈር በራሳቸው ውሃ መሳብ አይጀምሩም። «አልሠራልኝም» ከሚሉት ብዙዎቹ ይህን ዘለው ነው።

ሁለት ነገር ይጠብቁ። ብርሃን የሚያገኘው ውሃ አረንጓዴ አልጌ ስለሚያበቅል ታችኛውን ክፍል በጨርቅ ወይም በወረቀት ይሸፍኑ። ከዚህ የሚብሰው ትንኝ ነው። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ለማውጣት ከአንድ ሳምንት ብዙ አይፈጅባትም፤ አንዳንዶቹም እንቁላላቸውን የሚያጣብቁት ከውሃው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ውሃውን በየሳምንቱ ሲቀይሩ ግድግዳውንም ይፈትጉ።

ለማንጠባጠቢያ ደግሞ መቁረጥም አያስፈልግም። ከሥሩ አጠገብ በመርፌ አንድ ቀዳዳ ይብሱና ውሃ ሞልተው ከተክሉ ጎን ያቁሙት። ክዳኑ ሲጠብቅ አየር ስለማይገባ ውሃው ይቆማል፤ ላላ ሲያደርጉት ይንጠባጠባል። ፍጥነቱን የሚቆጣጠሩት በክዳኑ ነው።

ለማቀዝቀዣ በረዶ መሥራትም ይቻላል፤ ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ከጠርሙሱ አንድ አሥረኛውን ባዶ ይተዉ።

ምን አይጨመርበትም?

ላምባ፣ ቤንዚን፣ በረኪና፣ ፀረ ተባይ፣ የባትሪ አሲድ፣ በጠቅላላ የማይጠጣ ፈሳሽ በመጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥም። ይህ ምክር ብቻ አይደለም፤ ሕይወት ነው። ሕፃን ልጅ ጽሑፍ አያነብም፤ የሚያውቀው የጠርሙሱን ቅርጽ ነው። ትልቅ ሰውም ሌሊት በጨለማ ውሃ መስሎት ያነሣል። «ምልክት ጽፌበታለሁ» መፍትሔ አይሆንም። እንዲህ ዓይነት ፈሳሽ በመጣበት ዕቃ ይቆይ።

እየተብላላ ጋዝ የሚያወጣ መጠጥም በስሱ የውሃ ጠርሙስ አይዘጋም። የለስላሳ ጠርሙስ ግፊት እንዲችል ሥሩ በአምስት እግር ተሠርቷል፤ የውሃው ጠርሙስ ግን ለዚህ አልተሠራም። ለእሳት ማያያዣ ማንደድም አይገባም፤ ጥቀርሻና ሳንባ የሚጎዱ ኬሚካሎች ያወጣል።

ቆሻሻውን በእርግጥ ይቀንሳል?

እንደ አጠቃቀሙ ነው። በቀን ሁለት ጠርሙስ ውሃ የሚጠጣ ቤት በዓመት 730 ጠርሙስ ያወጣል። 730 መትከያ፣ 730 የእህል ዕቃ የሚያስፈልገው ቤት የለም። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ወደ ቤት የሚገባውን መቀነስ ነው፤ በትልቅ ዕቃ መግዛት፣ የቧንቧውን ውሃ አፍልቶ ወይም አጣርቶ መጠጣት ከማንኛውም የእጅ ሥራ ይበልጣል።

የገባው ጠርሙስ ግን ሊገዙት የነበረን ዕቃ ከተካ በእርግጥ ቆሻሻ ቀንሷል። የእህል ዕቃው አዲስ ጣሳ ከመግዛት ያድናል። ቀለም ተገዝቶ፣ ሙጫ ተገዝቶ፣ ብልጭልጭ ተለጥፎበት ከወር በኋላ የሚጣል ጌጥ ግን ቆሻሻውን ያበዛዋል። ደግሞም ፔት ተራ ሙጫና ቀለም በደንብ አይዝም፤ ይላጣል። የተቀባውን ደግሞ መልሶ የሚያቀልጠው ፋብሪካ አይፈልገውም። ማያያዝ ካስፈለገ በሽቦ ወይም በገመድ ይሁን፤ በኋላ ፈትቶ ንጹሑን መመለስ ይቻላል። ገመዱም ከጠርሙሱ ራሱ ሊወጣ ይችላል፦ ከሥሩ ጀምሮ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቅዳጅ ዙሪያውን እየቆረጡ ቢሄዱ አንድ ረጅም ጠፍር ይወጣል። የመሣሪያ እጀታ ላይ ጠምጥመው የፈላ ውሃ ቢያፈሱበት ይኮማተርና አጥብቆ ይይዛል።

ሥራውን ሲጨርስስ?

ፀሐይ ላይ ለዓመታት የቆየ ጠርሙስ ይደርቅና ሲነኩት ይሰባበራል፤ ስብርባሪው አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ መልቀም አይቻልም። ስለዚህ የአትክልቱ ጠርሙስ መንቃት ሲጀምር፣ ሳይሰባበር ከአፈሩ አውጥተው ለሰብሳቢ ይስጡት። አፈሩን አጥበው፣ ውሃውን አፍስሰው፣ አየሩን አስወጥተው ይጨፍልቁትና ክዳኑን መልሰው ይግጠሙ። ክዳኑ ከሌላ ፕላስቲክ ቢሠራም ፋብሪካው በቀላሉ ይለየዋል፦ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ፔት ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ፕላስቲክ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ከጠርሙሱና ከክዳኑ ትንሽ ትንሽ ቆርጠው ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ቢጥሉ እዚያው ያዩታል። ለብቻው የተጣለ ክዳን ግን ትንሽ ስለሆነ በመለያው ላይ ሾልኮ ይወድቃል፤ ብዙውን ጊዜም ከቆሻሻው ጋር ይቀራል።